ከብት ቤቱ ቤት ሲሆን፦ ከምሥራቅ ጎጃም አንድ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። 2011 ዓ.ም.፣ የገና ሰሞን፣ የአክስቴ ልጅ ባል ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የአያቴን የከብት ቤት መኖሪያ ላደርገው ነው፤ መጥተህ እይልኝ» አለኝ። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ደብረ ማርቆስ የምኖር የግንባታ ፎርማን ነኝ። የለመድኩት ብሎኬት፣ ብረትና ኮንክሪት ነው። ጭቃ ቤት ተወልጄበታለሁ እንጂ ሠርቼው አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ከሚመጡት ስህተቶች ግማሹ የእኔ ስለሆኑ ነው።

ቤተሰቡ ስድስት ነው። ባል መምህር፣ ሚስት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ሦስት ልጆች፣ የባል እናት። ከቢቸና ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ገደማ በሚያስኬድ ቀበሌ ይኖራሉ። ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው፤ ስማቸውን ግን ትቻለሁ። ያሉባት ቤት ጠባብ ነበረች፤ ጣሪያዋም ያፈሳል። በሁለት የመንግሥት ደመወዝ ከመሠረት ጀምሮ አዲስ ቤት ማቆም የማይሞከር ነው። ግቢው ውስጥ ግን አያቱ ያሠሩት ትልቅ የከብት ቤት ቆሟል።

ያገኘነው ሕንጻ

ሰቀላ ነው፤ 11 ሜትር በ5 ሜትር ተኩል። ግድግዳው እስከ ሰው ቁመት ጥቁር ድንጋይ በጭቃ፣ ከዚያ በላይ ማገርና ምርጊት። የድንጋዩ ውፍረት 60 ሳንቲሜትር ይሆናል። ውስጡ ለሁለት ተከፍሏል፤ ሰፊው ወገን ጋጣ፣ ጠባቡ ወገን ቆጥ ያለው የእህል ማስቀመጫ። ጣሪያውን አራት የወይራ ምሰሶዎች ይሸከሙታል። ክዳኑ ድሮ ሰንበሌጥ ነበር፤ አባትየው በዘመናቸው ቆርቆሮ አለበሱት። መስኮት የለውም። ለአየር የተተዉ ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ አሉ።

ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ በመጥረቢያ ጀርባ መታኋቸው። እንደ ደወል ጮኹ። ምስጥ አልደረሰባቸውም። አንደኛው ላይ፣ ወገብ ከፍታ አካባቢ፣ እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ የለሰለሰ ቦታ አለ። በሬ ስንት ዓመት አንገቱን ሲያክበት የኖረ ነው። እዚያ ላይ እጄን ሳሳርፍ ነው «ይሄስ አይፈርስም» ያልኩት።

ሚስትየው አልተስማማችም። ሥራዋ ቤት ለቤት እየዞሩ ከብትና ሰው ይለያይ ብሎ ማስተማር ነው። «ሰው ምን ይለኛል? ራሴ ልጆቼን ጋጣ ውስጥ ላሳድር?» አለች። እማማ (አማቷን ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲሁ ነው) ከት ብለው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ እኛ ከላም ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አይደል እንዴ ያደግነው? ሙቀቱስ ከየት ይመጣ ይመስልሻል?» አሏት። ክርክሩ በእማማ አሸናፊነት ያለቀ መስሎን ነበር። ወለሉን ስንቆፍር ሚስትየው ልክ እንደነበረች አየን።

ወረቀቱ

ይህን ቶሎ ልለፈው። የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል። መሬቱ ላይ የተሠራው ቤት ግን የሠሪው ንብረት ነው። የይዞታ ደብተሩ በእማማ ስም ስለሆነ እዚያ ላይ ጣጣ አልነበረም። ጣጣው ሕንጻው የአያት መሆኑ ነው፤ ባልየው ሁለት እህቶች አሉት። ሽማግሌ ተቀምጦ ስምምነት በጽሑፍ ተያዘ። እህቶቹ የሕንጻውን ድርሻቸውን ለወንድማቸው ለቀቁ፤ በምትኩ በከብት ቤቱ ጀርባ የቆመው ባሕር ዛፍ ተሽጦ ገንዘቡ ለእነሱ እንዲሆን ተባለ። ሁሉም ደስ ብሎት ተመረቀና ተበተነ። ያ ባሕር ዛፍ በኋላ ምን እንዳመጣብን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ቀን አቆጣጠሬ

ቁፋሮውንና የመሠረቱን ሥራ በየካቲት ለመጨረስ አቀድኩ። ከተማ እንደለመድኩት እሑድ እሑድን ቀንሼ 26 የሥራ ቀን ያዝኩ። ግንበኛው የአካባቢው ሰው ነው፤ አያ እያልኩ የምጠራው፣ በዕድሜም በሙያም ታላቄ። ወረቀቴን አየና «ቅዳሜስ?» አለኝ። ቅዳሜም ሰንበት ነው፤ ድንጋይ አይነሳም። ከዚያ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። 5 አቦ፣ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። ደግነቱ የዚያ ወር ኪዳነ ምሕረትና ጊዮርጊስ ቅዳሜ ላይ ዋሉ። በእጄ የቀረው 15 ቀን ነበር።

ይህን ለቀልድ አላነሳሁትም። ገጠር ላይ ሥራ የምትይዙ ሁሉ፣ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ቀኑን ከአካባቢው ሰው ጋር ቁጠሩ። እኔ በ26 ቀን ሒሳብ የተዋዋልኩት የአሸዋ መኪና መጥቶ ማንም ሳይኖር አራግፎ ሄዷል። በማግስቱ ስንደርስ ግማሹን ዶሮዎች በትነውታል።

ወለሉ

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው አንድ ስንዝር የደረቀ እበት ነው፤ በአካፋ በቀላሉ ይነሳል። ከሥሩ ጥቁር፣ ርጥብ፣ እንደ ሳሙና የሚያዳልጥ አፈር መጣ። 30 ሳንቲሜትር አካባቢ ስንደርስ ሽታው ዓይን ማቃጠል ጀመረ። ቆፋሪዎቹ በየሩብ ሰዓቱ እየወጡ ይተነፍሱ ነበር።

የከብት ሽንት ለብዙ ዓመት መሬት ውስጥ ሲሰርግ ጨው ይሆናል። ጨዉ በወለሉ ብቻ አይቀርም፤ ከርጥበት ጋር በግድግዳው ሽቅብ ይወጣል። ጥጃ ይታሰርበት በነበረው ጥግ፣ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ፣ ድንጋዩ ነጭ ጺም አብቅሎ ነበር። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፤ ይመራል። በድሮ ጊዜ በብዙ አገር ለባሩድ የሚሆነው ጨው የሚወጣው እንዲህ ካለ የበረት አፈር ነው። ይህ ጨው ክረምት በመጣ ቁጥር ከአየር ርጥበት ይስባል። ላዩ ላይ ሊሾ ብታፈሱበትም ከሥር አይተኛም።

ስለዚህ 60 ሳንቲሜትር ቆፍረን አፈሩን በሙሉ ለማውጣት ወሰንን። ቁንጫውም አብሮ ወጣ፤ ለዚያ ሌላ መድኃኒት አላስፈለገንም። አፈሩን ጓሮ በተንነው። በዚያ ክረምት የእማማ በቆሎ ሰው እስኪሰወር በቀለ።

በአራተኛው ቀን አያ «ቁም!» ብሎ ጮኸ። ቆፋሪው የግድግዳው ሥር ደርሶ ነበር። የድንጋዩ መሠረት የሚያልቀው 40 ሳንቲሜትር ላይ ነው። እኛ ከውስጥ 60 እየቆፈርን ግድግዳውን አየር ላይ ልናንጠለጥለው ነበር! እኔ የከተማ ሕንጻ መሠረት ለምጄ ማየት አልታየኝም። ቁፋሮ ከመጀመሬ በፊት በውጭ በኩል አንድ ጉድጓድ ቆፍሬ መሠረቱ የት እንደሚያልቅ ማየት ነበረብኝ። የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ናት።

መፍትሔው አዝጋሚ ነው። ከግድግዳው ሥር አንድ ሜትር ብቻ ይቆፈራል፣ ከሥሩ በድንጋይና በሲሚንቶ ይገነባል፣ ይደርቃል። ቀጥሎ ያለው ሁለት ሜትር አይነካም፤ ተዘልሎ ሌላ አንድ ሜትር ይቆፈራል። እንዲህ እየተዞረ ግድግዳው ሳያውቀው መሠረቱ ይጠልቃል። የካቲት በሙሉ በዚህ አለቀ፤ ከመጋቢትም ጥቂት በላብን። ከጠቅላላው ወጪ ሲሦ የሚሆነው መሬት ውስጥ ቀረ። መምህሩ አንድ ማታ ደብተሩን ይዞ ሲደምር ቆየና «ጋሼ፣ እስካሁን ያወጣሁት ገንዘብ አንዱም አይታይም» አለኝ። እውነቱን ነው።

በመጨረሻ ከታች ድንጋይ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ሊሾ አደረግን። ሊሾውን ግን ከግድግዳው ጋር አላጋጠምነውም። ዙሪያውን አንድ ስንዝር ያህል ጠጠር ብቻ ተውን፤ የቀረው ርጥበት በግድግዳው ከመውጣት በዚያ እንዲተነፍስ። ልጆቹ ብይ ይጫወቱበታል።

ጭቃው

አካባቢው ዋልካ ነው። ነጭ ጤፍና ሽምብራ የሚወደው አፈር ለምርጊት ጠላት ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር ከሩቅ በጋሪ አስመጣን። የጤፍ ጭድ ግን ደጃፍ ላይ ነበር፤ አውድማ የተነሳው በቅርቡ ነው። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን እንደ ክር ይይዘዋል። የስንዴው ወፍራም ነው፤ ይንሸራተታል።

ጭቃው ተቦክቶ አሥር ቀን ከረመ። በየሁለት ቀኑ ውሃ እየተጨመረ ይረገጣል። እኔ በሦስተኛው ቀን «ይበቃል» ስል አያ መልስ እንኳ አልሰጠኝም። ሲደርስ ሽታው ያስታውቃል፤ ይኮመጥጣል። ያን ጊዜ ከእጅ ላይ አይንጠባጠብም፣ ግድግዳ ላይ ሲወረወር ጭብጥ ብሎ ይቀራል።

ምርጊቱ በደቦ ተሠራ። ደቦ ነፃ ነው የሚል ሰው ጠላ ጠምቆ አያውቅም። እማማና ሚስትየው ሦስት ቀን ሙሉ እሳት ዳር ከረሙ። ዐቢይ ጾም ስለነበር ወጡ ሽሮና ምስር ሆነ፤ ወጪው በዚያ ቀለለ። ሥራውን ወደ ፋሲካ ማግስት ብንገፋው ኖሮ በግ ይጠየቅ ነበር።

ሲሚንቶውና ኖራው

አሁን የእኔን ትልቁን ጥፋት ልንገራችሁ። ጥጃ ጥግ ያለው ነጭ ጨው ዓይኔን ይወጋው ነበር። ግንቦት ላይ፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ ውስጡን ዙሪያውን እስከ አንድ ሜትር ከፍታ በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ተወልውሎ ያበራ ነበር። አያ «ጭቃና ሲሚንቶ አይጋቡም» ብሎኛል። ስሰማው የሽማግሌ ወግ ነው አልኩ።

ሰኔ ላይ ጸበል ተረጭቶ ገቡ። ነሐሴ አጋማሽ ሚስትየው ደወለች። «ግድግዳው አርግዟል» አለችኝ። ሄጄ ሳየው ሲሚንቶው እንደ ምጣድ እያበጠ፣ አንዳንዱ በሰፌድ ልክ እየተገነጠለ ወድቋል። ጀርባው ላይ የጭቃው ቆዳ አብሮ ተነስቷል። ጭቃ ርጥበት ሲያገኝ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ ሲሚንቶ ግን ይገትራል። ርጥበቱም መውጫ ሲያጣ ከኋላው ይጠራቀማል። የቀረውን በመሮ አንድ ሳምንት ስንፈለፍል ከረምን።

ጥቅምት ላይ በኖራ ይለሰን አልን። እዚህ ላይ ደግሞ መምህሩ ተሳሳተ። ጎጃም ውስጥ ለኮመጠጠ የእርሻ መሬት ኖራ በከረጢት ይሰጣል። ከአንድ ገበሬ የተረፈውን ተቀብሎ ግድግዳውን ቀባው። ነጭ ነው፣ ያምራል፣ ሲደርቅም ነጭ ነው። የተደገፈበት ልጅ ግን ዱቄት የነካው መስሎ ይነሳል። የሦስቱም ልጆች ዩኒፎርም ጀርባ ነጭ ሆነ።

ነገሩ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። የእርሻው ኖራ የተፈጨ ጥሬ ድንጋይ ነው። የግንባታው ኖራ ድንጋዩ በእሳት ተቃጥሎ፣ ውሃ ጠጥቶ የበረደ ነው፤ ግድግዳ ላይ ሲውል ከአየር የሚወስደውን ወስዶ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ስማቸው አንድ ነው፣ ሥራቸው ለየቅል። የግንባታውን ገዝተን በበርሜል ሦስት ሳምንት ነክረን፣ በአንድ እጅ ኖራ ሦስት እጅ አሸዋ ለሰንነው። እስካሁን አለ።

የጥጃው ጥግ ግን በኖራም አልተገዛም። እዚያ ተራ ጭቃ ብቻ እንለጥፍበታለን። ጨዉ ወደ ጭቃው ይወጣል፣ ጭቃው ይበሰብሳል፣ ጠርገን ጥለን እንደገና እንለጥፋለን። ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። በሁለተኛው ጊዜ ጺሙ ቁርጭምጭሚት ድረስ ብቻ ነበር።

መስኮት፣ ጣሪያ፣ ውሃ

ሦስት መስኮት ከፈትን። የድንጋይ ግድግዳ ሲበሳ ጉበኑ ቀድሞ መግባት አለበት፤ ከላይ ግማሹን ውፍረት ፈልፍሎ አንድ እንጨት ማስገባት፣ ከዚያ በሌላው ፊት ሁለተኛውን፣ ከዚያ ነው ከታች መክፈት። ለጉበን የአሮጌውን ቆጥ ወይራ ተጠቀምን።

የዛገውን ግማሽ ቆርቆሮ ቀየርን። ባለ 32 ጌጅ ይብቃ ተብሎ ነበር፤ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ እንደሚጨምርና የጎጃም በረዶ ምን እንደሚያደርግ አስረድቼ ባለ 28 አስገዛኋቸው። በዚህ ነገር ልክ ነበርኩ፣ ይመዝገብልኝ። ክፈፉን ወደ ውጭ አስረዘምን፣ አሸንዳ አሠራን፣ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ርቆ ዙሪያውን ቦይ ቆፈርን። ኮርኒሱ የሚስትየው ውሳኔ ነው፤ ያለ እሱ ክረምት ላይ በቆርቆሮው ጩኸት መነጋገር አይቻልም ነበር። ወጥ ቤቱንም ለብቻው በውጭ አስሠራች። መብራቱ ሶላር ነው።

በሬዎቹ

ከብቶቹ የት ይግቡ የሚለውን ያሰብነው በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ መሆን ነበረበት። በችኮላ በአጣና የታጠረ በረት ተሠራላቸው። ሁለቱ በሬዎች ግን ማታ ማታ ከግጦሽ ሲመለሱ በረቱን አልፈው ይመጡና አሮጌው በር ላይ ይቆማሉ። ሊሾው ገና ሳይደርቅ አንዱ ገብቷል። አራት ኮቴ፣ ከበሩ እስከ ምሰሶው። አልደፈንነውም፤ ልጆቹ አልፈቀዱም።

ለሚሞክር ሰው

የከብት ቤት መኖሪያ ልታደርጉ ካሰባችሁ ገንዘቡን በዓይን ለሚታየው አትያዙ። እንደገና ብጀምረው ቅደም ተከተሌ ይህ ነው፦ ከብቶቹን ማዛወር፣ የመሠረቱን ጥልቀት በውጭ በኩል ማየት፣ ውሃውን ከግድግዳው ማራቅ፣ ወለሉን ማውጣት። ከዚያ አንድ ክረምት መጠበቅ። እኛ ያልጠበቅነው እሱን ነው። ሕንጻው አንድ ክረምት በባዶው ቢያልፍ ጨዉ የት የት እንዳለ ራሱ ያሳየን ነበር፤ ሲሚንቶዬም አይባክንም። የምትቸኩሉ ከሆነ ልስኑን እንኳ አቆዩት። በጥሬ ምርጊት አንድ ዓመት መኖር ይቻላል።

ከአሮጌው ነገር የሚሠራውን አትንኩ። አራቱ ምሰሶዎች፣ ድንጋዩ፣ ቆጡ እንዳሉ ናቸው፤ አንድም ቀን አላስቸገሩንም። ያስቸገረን በሙሉ እኛ ያመጣነው ነው። ቆጡ ላይ አሁን ትልቁ ልጅ ያጠናል።

ያልተዘጋው ጉዳይ

ባሕር ዛፉ ሚያዝያ ላይ ተቆረጠ፤ ከጀርባው ግድግዳ አራት ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። እኔም ደግፌ ነበር፤ ሥሩ ግድግዳውን ይበላል ብዬ። ነሐሴ ላይ በጀርባ በኩል ባለው ጥግ ስንጥቅ ወጣ።

ዋልካ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ዛፎቹ ለዓመታት ውሃውን እየመጠጡ ያንን ጥግ አድርቀው አስተኝተውት ነበር። ሲቆረጡ የሚጠጣለት ጠፋና አፈሩ በክረምቱ ውሃ አብጦ ግድግዳውን ከሥር ገፋው። ዛፉ ቆሞ ቢሆን ይጎዳል፣ ቢቆረጥም ይጎዳል። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ተራ በተራ ብንቆርጠው ምናልባት ይሻል ነበር፤ ግን የእህቶቹ ገንዘብ ነው፣ ማን ይጠብቃል።

ጉቶዎቹ ደግሞ አቆጥቁጠዋል። መምህሩ ቡቃያውን ሁሉ መመልመል ይፈልጋል። እማማ «ይደግ፣ ለልጅቷ ሠርግ ድንኳን ይሆናል» ይላሉ። እኔ እስካሁን አልፈረድኩም።

ስንጥቁ ያለቀበት ቦታ ላይ በየነሐሴው በእርሳስ እናሰምርና ቀን እንጽፋለን። የ2011ዱ መስመር የእኔ ነው። በ2012 አንድ ስንዝር ወረደ። በ2013 ሁለት ጣት ብቻ። የመጨረሻውን የጻፈችው ትንሿ ልጅ ናት፣ ያኔ ገና መጻፍ መልመዷ ነበር፤ «ነሐሴ»ን በሃሌታው «ሀ» ጽፋዋለች። አባቷ መምህር ቢሆንም አላረመውም። ላጲስ ከነካው መስመሩም አብሮ ይጠፋል።